ሰው አዋቂዎቹ ሳይጠየቁ አለፉ

ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ ልጁን ሊድር የተነሣ አባት የሚጨነቀው ዘር ለመቁጠር አልነበረም። ዘሩ እስከ ሰባት ቤት ተቆጥሮ ያልቃል። የሚከብደው ጠባይ ማጠያየቁ ነበር። ልጁ ቻይ ነው ወይስ ግልፍተኛ? እጁ ይፈታል ወይስ ቋጣሪ ነው? ሁለት ዋንጫ ሲቀምስ ነገር ያነሣል? ታርቆ ይረሳል ወይስ ሆዱ ውስጥ ያቆየዋል? በብቸናም በሞጣም እንዲህ ላለው ጥያቄ መልሳቸው የሚታመን ሰዎች ነበሩ፤ ሽማግሌዎች፣ የነፍስ አባቶች፣ ጠላ ቤት ያላቸው ሴቶችም ጭምር። አንዳንዱ ሽማግሌ የአንድን ጎረምሳ ነገር በሦስት ቃል ቋጭቶ ዝም ይላል፤ ጎረምሳውም ሸብቶ ከሦስቱ ቃል አይወጣም።

ይህን ዕውቀት እንዲሁ እንዲባክን የተውነው እኛ ነን። ጊዜው፣ መዝገበ ቃላቱ፣ ተማሪው፣ ዩኒቨርሲቲው በእጃችን እያለ፣ ብዕርና ደብተር ይዘን ሄደን «አባቴ፣ ሰውን ከሰው በምን ይለዩታል?» ብለን አልጠየቅንም።

ይበልጥ የሚያንገበግበኝ የስብዕና ሳይንስ የሄደበት መንገድ ለእኛ የተጠረገ ይመስል ስለነበር ነው። እንግሊዛዊው ፍራንሲስ ጋልተን እ.ኤ.አ. በ1884 የቃላት መድበል ገልጦ ጠባይ የሚገልጹትን ቢገምት ቢያንስ 1,000 ሆኑበት። ሐሳቡ ቀላል ነው። ሰዎች አብረው ሲኖሩ ልብ የሚሉት የጠባይ ልዩነት ሁሉ ውሎ አድሮ ስም ይወጣለታል፤ ስለዚህ የሰውን ልዩነት ለማጥናት ከቋንቋው መነሣት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1936 ጎርደን ኦልፖርትና ሄንሪ ኦድበርት ከአንድ ትልቅ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት 17,953 ቃላት ለቀሙ። ተከታዮቻቸው ያን ክምር አበጠሩት፤ ሰዎች ራሳቸውንና ወዳጆቻቸውን በቃላቱ እንዲመዝኑ አደረጉ፤ አብረው የሚሄዱትን ቃላት በስሌት እየሰበሰቡ ዛሬ በየሥነ ልቦና ክፍሉ ወደሚሰጠው አምስት ዘርፍ ደረሱ። ተጫዋችነት፣ ስምሙነት፣ ጥንቁቅነት፣ የስሜት መናወጥና ለአዲስ ሐሳብ ክፍት መሆን ይሏቸዋል።

ኦልፖርትና ኦድበርት ሥራቸውን ባሳተሙበት ዓመት እኛ ማይጨው ላይ ነበርን። ለዚያኛው ዓመት ማንም አይወቅሰንም። የተሰማ ሀብተ ሚካኤል «ከሣቴ ብርሃን» መዝገበ ቃላት ግን በ1951 ዓ.ም. ታትሟል። የደስታ ተክለ ወልድ «ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት» በ1962 ዓ.ም. ወጥቷል። አሜሪካዊው ቶማስ ኬንም እ.ኤ.አ. በ1990 ባለ ሁለት ጥራዙን የአማርኛና የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ጀርመን አገር አሳትሟል። እነዚህን ከዳር እስከ ዳር አንብቦ የጠባይ ቃላትን መልቀም ላቦራቶሪ አይጠይቅም፤ እርዳታ ሰጪም አይጠይቅም። ሆደ ሰፊ፣ ሆደ ባሻ፣ ልበ ሙሉ፣ ልበ ደንዳና፣ ዓይን አፋር፣ ዓይን አውጣ፣ አፈ ቅቤ፣ አፈ ጮሌ፣ እጀ ሰፊ፣ ነገረኛ፣ ጭምት፣ ቁጥብ፣ ቀዥቃዣ፣ ነጭናጫ፣ አሽሙረኛ፣ አድርባይ፣ ይሉኝታ ቢስ። እነዚህ ሳልጨነቅ የመጡልኝ ናቸው። የመዝገበ ቃላቱ ሥራ እንኳ ለነገ ቢባል ይቻላል፤ መጽሐፍ ይጠብቃል። በብቸና ዙሪያ የእነማይ ገበሬ ሥራ የሚጠላ ጎረቤቱን፣ በሞጣ ዙሪያ የሁለት እጁ እነሴ እናት እልኸኛ ልጇን የምትጠራበት ቃል ግን ያለው አፋቸው ላይ ነው። ያ አይጠብቅም።

ደግሞ አገሩ! ከብቸና አጠገብ ዲማ ጊዮርጊስ፣ በሞጣ በኩል መርጡለ ማርያም፤ የቅኔ አገር ነው። የቅኔ ቤት የሰው ልዩነት በየቀኑ የሚታይበት ቦታ ነው። ተማሪው እንደ ዘመናዊው ትምህርት በክፍል ታጉሮ አንድ ላይ አይዛወርም፤ ከጉባኤ ቃና ወደ ዘአምላኪየ፣ ከዚያም ወደ መወድስ የሚሻገረው በራሱ እርምጃ ነው። መምህሩ ይህ ልጅ ይፈጥናል ግን ይታበያል፣ ያኛው ዘገምተኛ ነው ግን የያዘውን አይለቅም እያለ ለእያንዳንዱ እንደ አመሉ ይሰጠዋል። ዕድሜውን ጉባኤ ዘርግቶ የኖረ አንድ የቅኔ መምህር ያሳለፈውን ያህል ወጣት በቅርብ ያየ የሥነ ልቦና ፕሮፌሰር ስንት ይገኛል? ስለ ቅኔው ብዙ ተጽፏል፤ ሊጻፍም ይገባ ነበር። መምህሩ ስለ ተማሪዎቹ ጠባይ የሚያውቀው ግን እንደ ዕውቀት አልተቆጠረለትም። መምህሩ ራሱም የቆጠረው አይመስለኝም።

በዲማ የተማሩ አንድ ሰው ነገሩን በልብ ወለድ ሞክረውታል። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ ፊታውራሪ መሸሻና ካሣ ዳምጤ የአንድ አገርና የአንድ ወገን ሰዎች ናቸው፤ የሚያራርቃቸው ጠባይና አስተሳሰብ ነው። አገሩም ካሣን ልዩ ሆኖ ስላገኘው «ጉዱ» አለው፣ በቃ። ደራሲው የከፈቱትን በር ተመራማሪ ሊገባበት ይገባ ነበር። እኛ መጽሐፉን በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ ሰምተን አለቀስን፤ በዚያው ቀረ።

የውጭ ሰዎችም መጥተው ነበር። ዶናልድ ሌቪን መንዝ ላይ ተቀምጦ እ.ኤ.አ. በ1965 «ሰምና ወርቅ»ን አወጣ። ፈልጎ የነበረው የአማራን የጋራ ጠባይ ነው፤ የዘመኑ የጥናት ፋሽን ለአንድ ሕዝብ አንድ ጠባይ መስፋት ነበር። አለን ሆበን ዳሞት ገብቶ በ1973 (ይህም በፈረንጅ) ያሳተመው የርስት ጥናት ወደ እኛ ጥያቄ ይበልጥ ይጠጋል። ርስት በትውልድ ብቻ እጅ አይገባም፣ ተሟግተው ያገኙታል፤ ስለዚህም ከአንድ አቅኚ አባት የወረዱ ሁለት ሰዎች አንዱ በትዕግሥቱና በአንደበቱ ሲሰፋ ሌላው ይጠብባል። ከዚያ አንድ እርምጃ ቢኬድ የጠባይ ጥናት ነበር።

የራሳችን ልጆችስ? በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ1964 ጀምሮ ተማሪው ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት ወደየጠቅላይ ግዛቱ እየወጣ ያገለግል ነበር። በ1967 ዓ.ም. የዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ 60,000 የሚጠጋ ተማሪና አስተማሪ ገጠር አስገባ። በ1971 ዓ.ም. ደግሞ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀመረ። ሦስት ጊዜ ቀለም የቀመሰ ወጣት ገበሬው ደጅ አደረ፤ ሦስቱንም ጊዜ ሊያስተምር እንጂ ሊማር አልተላከም። ለእያንዳንዱ ዘማች «ባለህበት መንደር ሰው የሚመሰገንበትንና የሚታማበትን ሃምሳ ቃል ጽፈህ ተመለስ» የሚል አንድ መስመር ትእዛዝ ቢጨመር ምን ያህል ወጪ ይጠይቅ ነበር? በሺህ በሚቆጠሩ መንደሮች፣ ርስት ተሟግተው፣ የጣሊያንን ዘመን አርበኛውንም ባንዳውንም አይተው፣ የሰውን ልክ ያወቁ ሽማግሌዎች ያኔ በሕይወት ነበሩ።

እኛ ካልሠራነው በኋላ የደረሰን በውጭ የተሰፋ መጠይቅ ነው፤ ለሌላ ሰው ትከሻ የተለካ ኮት። እ.ኤ.አ. በ2005 ሮበርት ማክሬና ጓደኞቹ በ50 ባህሎች ባደረጉት ጥናት፣ በ2007ም 17,837 ሰዎች በመለሱት የ56 አገሮች ጥናት ውስጥ ኢትዮጵያ አለችበት። መላሾቹ ግን በአብዛኛው የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበሩ፤ መጠይቆቹም ከእንግሊዝኛ የተነሡ። በአፍሪካ ናሙናዎች መለኪያው ከሌላው ዓለም ይልቅ ሲላላ ታየ። በ2019 ደግሞ የባሰው መጣ። ከ23 ታዳጊ አገሮች በ29 የቃለ መጠይቅ ጥናቶች የተሰበሰበ የ94,751 ሰዎች መልስ ሲመረመር፣ ጥያቄዎቹ እንለካዋለን ያሉትን ጠባይ በቅጡ አለመለካታቸው ታወቀ። አንዱ ምክንያት መላሹ ለተጠየቀው ሁሉ ወደ «አዎ» ማዘንበሉ ነው።

ሞጣና ብቸናን የሚያውቅ ሰው ይህን ለማወቅ 2019ን ባልጠበቀ ነበር። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ሲታወጅ ወረቀት የያዘ ገማች ወደ ማሳው እንዳይገባ እምቢ ብለው ከተነሡት መካከል የሞጣና የብቸና አውራጃ ገበሬዎች ይገኙበታል፤ መንግሥት በአውሮፕላን ጭምር ዘምቶባቸዋል። በ1989 ዓ.ም. የመሬት ሽግሽግ ጊዜም ሰው «ቢሮክራት»ና «ፊውዳል» እየተባለ በዝርዝር ተመዝግቦ መሬቱ ተቆርሷል። እንዲህ ያለ ታሪክ ያለው ገበሬ ፊት አንድ እንግዳ ቅጽ ይዞ ቆሞ «ራስህን እንደ ሥርዓታማ ሰው ትቆጥራለህ? በጣም እስማማለሁ፣ እስማማለሁ፣ አልወሰንኩም…» ሲለው፣ ገበሬው የሚመልሰው ለጥያቄው አይደለም። የሚመልሰው «ይህ ሰውዬ ምን ሊወስድብኝ ነው?» ብሎ ነው። ጨዋነቱም ፊት ለፊት እንዳይቃወም ይይዘዋል። ስለዚህ «አዎ» ይላል። በዚያ «አዎ» የተሞላ ሠንጠረዥ ነው ሳይንስ ሆኖ የሚመለሰው።

ያ ገበሬ ስለ ራሱ እንዲናገር ከመጠየቅ ስለ ሰው እንዲናገር መጠየቅ ይቻል ነበር። «ጥሩ አማች እንዴት ያለ ነው? ዕቁብ ሰብሳቢ የማይደረገው ማን ነው?» ቢባል የማያልቅ ጨዋታ ይከፈታል። ይህ የኔ ፈጠራ አይደለም፤ ሌሎች አፍሪካውያን ሠርተውበታል። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ በወቅቱ በነበሩት 11 የሥራ ቋንቋዎች ሁሉ 1,216 ሰዎች የሚያውቋቸውን ሰዎች ጠባይ በራሳቸው አፍ እንዲገልጹ ተደርጎ ከ50,000 በላይ መግለጫ ተሰበሰበ፤ ከሰው ጋር ስለ መኖር፣ ስለ ደግነትና ስለ ማስማማት የሚናገረው ክፍል ከፈረንጁ መጠይቅ እጅግ ሰፍቶ ተገኘ። ናሚቢያ ውስጥ ጥቂት መቶ ሺህ ሰው ብቻ የሚናገረው ኾይኾይ ቋንቋ የራሱ ጥናት ወጥቶለታል። የማሊው ሱፒሬም፣ የጎረቤታችን የማሳይ ቋንቋም እንዲሁ። እ.ኤ.አ. በ2014 ዘጠኝ ቋንቋዎችን ያነጻጸረ ጥናት በሁሉም የሚደገሙ ሁለት ታላላቅ የጠባይ ዘርፎች አገኘ። አንዱ ራስን ገርቶ ከሰው ጋር መኖር፣ ሌላው ጉልበትና ንቃት ነው። የኛ ሰው ጨዋነትና ወኔ ብሎ ሲከፍላቸው የኖረውን ይመስላሉ። ዘጠኙ ውስጥ ማሳይኛ አለ፣ ሀንጋሪኛ አለ፣ ኮሪያኛ አለ። አማርኛ የለም። በሚሊዮን የሚቆጠር ተናጋሪ፣ የዘመናት ጽሑፍ፣ ከሦስት የማያንስ መዝገበ ቃላት ያለው ቋንቋ የለም!

አቅም አልነበረንም እንዳይባል ቡታጅራ አለ። እዚያ በ1990ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ቤት ለቤት እየተዞረ ከ68,000 በላይ ሰው ስለ ከባድ የአእምሮ ሕመም በአማርኛ ተጠይቋል፤ ጥናቱም በዓለም የሚጠቀስ ነው። የታመመውን አእምሮ በቋንቋችን መጠየቅ ችለናል። ጤነኛውን ሰው፣ ቁጡውንና ጭምቱን፣ ለመጠየቅ ግን ማንም አልተቻኮለም። ምሥራቅ ጎጃም ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ ደብረ ማርቆስ ላይ የራሱ ዩኒቨርሲቲ አለው፤ ብቸናም ሞጣም ከዚያ በመኪና የሚደረስባቸው ናቸው። ከዚያ ወዲህ ያለፉት የሰላም ዓመታት ናቸው ከሁሉም የሚቆጩኝ።

ምክንያቱም የቀረው ባዶ ቦታ ባዶ ሆኖ አይቀመጥም፤ ሐሜት ይሞላዋል። ጎጃሜ ነገረኛ ነው፣ ጎጃሜ ቡዳ ነው፣ እንዲህ ያለው አገር ሰው እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት የወጣ የ49 ባህሎች ጥናት ሰዎች ስለ አንድ አገር ሕዝብ ጠባይ የሚያወሩት ከሕዝቡ ትክክለኛ አማካይ ጋር እንደማይገጥም አሳይቷል። ለጎጃምም ይህን በቁጥር ማሳየት በተቻለ ነበር፤ በአንድ ሰፈር በሚኖሩ ሁለት የብቸና ወንድማማቾች መካከል ያለው የጠባይ ርቀት በብቸናና በሌላ አገር መካከል አለ ከሚባለው እንደሚበልጥ እጠረጥራለሁ። ጥርጣሬ ሆኖ የቀረው ስላልተጠና ነው።

አሁን ደግሞ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ አካባቢው ጦርነት ውስጥ ነው። መጠይቅ ይዞ ከመንደር መንደር የሚዞር ሰው በሁለት ወገን የሚጠረጠርበት ጊዜ ነው። የንጉሡን ዘመን በጎልማሳነት ያዩት ሽማግሌዎችም ጥቂት ቀርተዋል።

ስለዚህ ብቸና ወይም ሞጣ አያት፣ አባት፣ አክስት ያላችሁ ሰዎች፣ ዩኒቨርሲቲ አትጠብቁ። ስልኩ ሲሠራ ደውሉ። ስለ ራሳቸው አትጠይቋቸው፤ በዘመናቸው ስለሚያውቋቸው ሰዎች አጫውቷቸው። ሰውን የገለጹበትን ቃል አንድም ሳታስተካክሉ፣ ከነቦታውና ከነዓመተ ምሕረቱ ጻፉት፤ የተነገረለትን ሰው ስም ግን ተዉት።