ማርሚታ

ማርሚታ የሚለውን ቃል የተማርኩት በቀኝ ባቴ ነው። አጎቴ የግብርና ባለሙያ ነበር፤ ጮሌ ውስጥ ለአሰላ ብቅል ፋብሪካ የሚሆን ገብስ የሚዘሩ ገበሬዎችን በሞተር እየዞረ ያያል። አንድ ክረምት፣ ብዙ ከለመንኩት በኋላ፣ ከኋላው አፈናጠጠኝ።

ጉሙ አልገለጠም፤ መንገዱ ጭቃ ነው። እግሬን የማሳርፍበት ሳጣ ኮንጎ ጫማዬን አንድ የሚያብረቀርቅ የጭስ ማውጫ ቱቦ ላይ አሳረፍኩት። ወዲያው የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተን። ደንግጬ ስወርድ ደግሞ ባቴ ራሱ ቱቦው ላይ አረፈ። አጎቴ መጀመሪያ ያየው ማርሚታውን ነው፤ ቀጥሎ እግሬን።

አይፈረድበትም። ከሞተሩ ጋር የመጣው ማርሚታ በዝገት ተበልቶ ሲያልቅ አሰላ ሄዶ በስቴንለስ ያስበየደው ነበር። «ይሄ አይዝግም!» እያለ ለመንደሩ ሁሉ አሳይቶታል። አሁን የኔ ጫማ ጥቁር ሆኖ ተጋግሮበታል።

ማርሚታ ጣሊያን ትቶልን የሄደ ቃል ነው፤ እነሱ ትልቅ ድስትንም በዚሁ ስም ይጠሩታል። ይህን ያኔ ባላውቅም እንደ ድስት ነው ያየሁት። እሁድ አጎቴ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ ከእናቴ ማዕድ ቤት አመድና ሽቦ አምጥቼ ፈተግኩት። ፕላስቲኩ ንቅንቅ አላለም፤ ብረቱ ግን ተሞነጫጨረ። ዝናብ ሲመታው ሰነበተና የማይዝገው ብረት ላይ ቡናማ ነጠብጣብ ወጣ።

አጎቴ ምንም ሳይናገር አሰላ ወዳለ ሽማግሌ መካኒክ ይዞኝ ሄደ። ሰውዬው ነጠብጣቡን በጥፍሩ ነካ አድርጎ ሳቀ። «ይሄ የሽቦህ ዝገት ነው» አለኝ። ስቴንለስን ከዝገት የሚጠብቀው ውስጡ ያለው ክሮም ነው፤ ከአየር ጋር ተዋህዶ ዓይን የማያየው ስስ ሽፋን ያበጃል። ሽቦዬ ያን ሽፋን ቧጥጦ የራሱን ብናኝ ትቶበት ነበር።

ሞተሩን ለአፍታ አስነሳና አጠፋው። ፕላስቲኩ ለብ ብሎ ሲለሰልስ በእንጨት ስንጥር ገፋው፤ ተልጦ ወደቀ። ማርሚታው ፍጹም እስኪቀዘቅዝ ጠበቅን፤ አሴቶን እሳት ይወዳልና። ከዚያ በጨርቅ ነክሮ የቀረውን ጥላ ጠረገ። ነጠብጣቡን በሎሚ አሸልኝና በንጹህ ውሃ አጠበው። «ጨውና በረኪና እንዳታስጠጋው» አለ።

እኔ ግን ሞተሩ አጠገብ ወዳለው እጥፋት እያመለከትኩ «ጋሼ፣ ይሄስ?» አልኩ። መጀመሪያ የስንዴ ገለባ የመሰለ ቢጫ፣ ቀጥሎ ወይን ጠጅ፣ ቀጥሎ ሰማያዊ ነበር።

«እሱ ቆሻሻ አይደለም፤ እሳት የቀባው ነው። ብረቱ 300 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ቢጫ ይሆናል፣ ከ500 ሲያልፍ ሰማያዊ ይሆናል። ዛሬ ብታስለቅቀው ነገ አቀበት ስትወጡ ይመለሳል። ተወው።»

ተውነው። ሞተሩ ከተሸጠ ዓመታት አልፈዋል። የባቴ ጠባሳ ግን የሽሮ ማንኪያ አክሎ አሁንም አለ። አጎቴ ቁምጣ ለብሼ ባየኝ ቁጥር ጎንበስ ብሎ ያስተውለውና፣

«እሱንስ በሎሚ ሞከርከው?» ይለኛል።