ለዒላማ የሚሆን ሽጉጥ

በአገራችን «ሽጉጥ ልገዛ ነው» የሚል ሰው ሁለት ጥያቄ ብቻ ይጠየቃል፤ «ማን ዛተብህ?» እና «ከየት አገኘህ?»። «ምን ልትመታበት ነው?» ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ መልሱ ሰው እንደ ሆነ ሁሉም አስቀድሞ ያውቀዋልና። ውድ አንባቢያን፣ የዛሬው ጽሑፌ ስለዚህ ስለማይጠየቀው ጥያቄ ነው። ርእሱ ለፖለቲካ ገጽ የቀለለ መስሎ የታያችሁ ካላችሁ ጥቂት ታገሡኝ። የተወለድሁት ሰቆጣ ነው፤ ዋግ ደግሞ መሣሪያና ፖለቲካ ተለያይተው የኖሩበት አገር አይደለም።

ዶክትሬቴን የሠራሁት ጀርመን አገር ነው። የነበርሁባት ከተማ ከመሸ በኋላ ከቢራ ቤት በቀር መሄጃ አልነበራትም፤ ጎረቤቴ የነበሩ አንድ ጡረተኛ አናጢ ታዲያ የዒላማ ተኳሾች ማኅበራቸውን እንድጎበኝ ጋበዙኝ። ሄድሁ፤ ሦስት ዓመትም ቆየሁ። በመጀመሪያው ምሽት ያስደነቀኝ የተኩሱ ድምፅ ሳይሆን የሰዉ ዝምታ ነበር። አንዲት ጥይት ይተኩሳሉ፣ ሽጉጡን ዝቅ ያደርጋሉ፣ ይተነፍሳሉ፣ ወረቀቱን ያያሉ፣ እንደገና ያነሣሉ። ስለ ጀግንነት የሚያወራ አልነበረም። እኔ ባደግሁበት አገር ተኩስ ማለት ወይ ሠርግ ነው፣ ወይ ለቅሶ ነው፣ ወይ ጦርነት ነው፤ በሦስቱም ቢሆን ጥይቱ የት እንዳረፈ ቆጥሮ በወረቀት የሚጽፍ የለም።

ሽማግሌው በእጄ ያስያዙኝ ሽጉጥ በዓለም «ሃያ ሁለት» እየተባለ የሚጠራውን ጥይት የሚጎርስ ነበር። ስሙ የመጣው ከ0.22 ኢንች ነው፤ በእኛ መለኪያ 5.6 ሚሊሜትር መሆኑ ነው። እርሳሱ ሁለት ተኩል ግራም ቢመዝን ነው። በደርግ ዘመን ከሶቭየት ኅብረት የገባውና ዛሬም በየባለሥልጣኑ ወገብ የሚታየው ማካሮቭ የሚተፋው ግን ባለ 9 ሚሊሜትር፣ ስድስት ግራም ገደማ የሚመዝን ጥይት ነው። «ለምን ትልቁን አልጀምርም?» ብዬ መጠየቄ አልቀረም። መልሳቸው ዛሬም ትክክል ይመስለኛል። የሰው እጅ ፍንዳታን አስቀድሞ ይፈራል፤ ምላጩን ሊስብ ሲል ክንዱ ሳያውቀው አፈሙዙን ወደ ታች ይገፋል፤ ጥይቱም ከዒላማው በታች ያርፋል። በኃይለኛ መሣሪያ የጀመረ ሰው ይህን ድንጋጤ አብሮ ይለምደዋል፤ ለመተው ደግሞ ዓመታት ይፈጅበታል። ትንሿ ጥይት አትራገጥም፣ ጆሮም እንደ ትልቁ አትጎዳም (መከላከያ ማድረጉ ግን ግድ ነው)፣ ዋጋዋም ርካሽ ነውና አንድ ሰው በአንድ ምሽት መቶ ጊዜ ተኩሶ መቶ ጊዜ ስሕተቱን ሊያይ ይችላል።

ታዲያ ምርጫው በዚህ አያበቃም። ከትንንሾቹም መካከል በኪስ የሚገቡ፣ አፈሙዛቸው አጭር የሆኑ አሉ፤ ለዒላማ ግን እነዚህ አይመረጡም። በፊትና በኋላ ማነጣጠሪያዎቹ መካከል ያለው ርቀት ባጠረ መጠን ትንሿ የእጅ ስሕተት በወረቀቱ ላይ ትልቅ ሆና ትታያለችና። ስለዚህ ረዘም ያለና ከበድ ያለ አፈሙዝ፣ በብሎን የሚስተካከል ማነጣጠሪያ፣ ለመዳፍ የሚስማማ እጀታ ይፈለጋል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ምላጩ ነው። በ25 ሜትር የስፖርት ሽጉጥ ውድድር የምላጩ ክብደት ከ1000 ግራም ማነስ የለበትም የሚል ደንብ አለ፤ ጥሩ የዒላማ ሽጉጥ ከዚህች ወሰን ብዙ ሳይርቅ፣ ሳይንገጫገጭ፣ እንደ ደረቅ ሸንበቆ ቀጭ ብሎ ይለቃል። የጀርመኑ ዋልተር ጂ.ኤስ.ፒ. እንዲህ ያለ ነው። የአሜሪካው ሩገር ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1949 ጀምሮ ዝርያው ያልተቋረጠ፣ ዋጋውም ለመምህር ደመወዝ የሚቀርብ ነው። እኔ የማኅበሩን አሮጌ ዋልተር በውሰት ስጠቀም ኖርሁ፤ አንድም ቀን ወደ ቤቴ ይዤው አልገባሁም፤ የሚፈቀድልኝም አልነበረም።

ለነገሩ የጀርመን ሕግ ራሱ ይህን ልዩነት ያውቀዋል። እ.ኤ.አ. በ2002 በኤርፉርት ከተማ አንድ የተባረረ ተማሪ በትምህርት ቤቱ ውስጥ እልቂት ከፈጸመ በኋላ ሕጉ ጠበቀ። የዒላማ ተኳሽ መሣሪያ ለመግዛት ቢያንስ 12 ወር በማኅበር ውስጥ አዘውትሮ መለማመዱን ማስመስከር አለበት፤ መደበኛው ዕድሜ 21 ሲሆን ከ25 ዓመት በታች ያለ ወጣት ለመጀመሪያ መሣሪያው የአእምሮ ብስለቱን በባለሙያ አስመርምሮ ማስረጃ ያቀርባል። እስከ 5.6 ሚሊሜትር ላሉትና ጉልበታቸው ለተወሰነው ትንንሾች ግን በ18 ዓመት በር ተከፍቷል። ሕግ አውጪው «መሣሪያ» ብሎ በጅምላ አልፈረጀም፤ ለምን እንደሚፈለግ ጠይቆ መጠኑን ለካ።

ይህን ሁሉ የማነሣው ከሰቆጣ የተደወለልኝን ስልክ ለማስረዳት ነው። አጎቴ ናቸው። የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጃቸው ሽጉጥ ካልተገዛልኝ ብሎ አስቸግሯቸዋል። «አንተ ልጅ፣ በፈረንጅ አገር ዒላማ ስትመታ የከረምህ ነህ ይሉኛል፤ እስቲ ለወንድምህ ደህናውን ምረጥለት። ሁለቱን በሬዎች እሸጣለሁ» አሉኝ። «ጋሼ፣ ለምን ፈለገው?» አልኋቸው። ዝም አሉ። ቆይተውም «ሁሉም ይዟል እኮ» አሉኝ።

የሚቀርብለትን አማራጭ ደግሞ አውቀዋለሁ። ወይ ብዙ እጅ የዞረ ማካሮቭ ነው፣ ወይ በ2010 እና በ2011 ዓ.ም. በየኬላው በነዳጅ ቦቴና በእህል ጭነት ውስጥ ሲያዝ በዜና ስንሰማው የነበረው የኮንትሮባንድ የቱርክ ሽጉጥ ነው። ማነጣጠሪያው የማይስተካከል፣ ጥይቱ በፍሬ የሚሸጥ መሣሪያ! እንዲህ ያለ ሽጉጥ የያዘ ወጣት በዓመት አምስት ጥይት አይተኩስም፤ የሚተኩሳትም ወደ ሰማይ ነው። «ጋሼ፣ ለእሱ የምመርጥለት ሽጉጥ የለም» አልኋቸው። አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መያዝን እንደሚከለክል ነገርኋቸው፤ እንደ መምህር ረጅም ንግግር አደረግሁ። በትዕግሥት ሰምተው «እዚህ አዋጁን የሚያነብልን ማነው?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም፤ በሬዎቹን ግን እንዳይሸጡ ለመንኋቸው።

የአገሬ ሰው «ዋግ ያለ ጠመንጃ ዋግ አይደለም» ይለኛል። ይህን ክብር አልንቀውም። ደጃዝማች ኃይሉ ከበደ በጣሊያን ላይ ተዋግተው በ1930 ዓ.ም. መባቻ ሲገደሉ ጠላት ራሳቸውን ቆርጦ ለሕዝብ ማሳየቱን የሚያስታውስ አገር ጠመንጃውን በቀላሉ አይጥልም። ሆኖም በዚያው ታሪክ ውስጥ የማይወራ ሌላ ትምህርት አለ። ዋግሹም ጎበዜ፣ አባታቸውን ዐፄ ቴዎድሮስ የገደሉባቸው፣ በ1860 ዓ.ም. ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ነገሡ። በሐምሌ 1863 ዓ.ም. የባለቤታቸውን የድንቅነሽ ምርጫን ወንድም ካሣን ሊወጉ ወደ ዐድዋ ዘመቱ። ታሪክ ጸሐፊዎች የእሳቸውን ጦር እስከ 60 ሺህ፣ የካሣን 12 ሺህ ገደማ አድርገው ይገምታሉ። ድሉ ግን የጥቂቶቹ ሆነ፤ ንጉሡ ተማርከው ዓይናቸው ጠፋ፤ ካሣም ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ሆኑ። ካሣ ከጄኔራል ናፒየር መድፎችና ከ800 በላይ ጠመንጃዎች ማግኘታቸው ሁልጊዜ ይጠቀሳል። ጆን ኪርክሃም የተባለ እንግሊዛዊ ወታደሮቹን ማሠልጠኑ ግን በቅንፍ ይታለፋል። እኔ ከቅንፉ አውጥቼ ከጠመንጃዎቹ ጎን አስቀምጠዋለሁ። (ይህን በመጻፌ ከተከዜ ወዲህም ከተከዜ ማዶም ስድብ እንደሚመጣልኝ አውቃለሁ፤ ይምጣ።)

ዛሬ ያለንበት ከዚያ የባሰ ነው። የሰሜኑ ጦርነት በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ዋግን አርሶት አለፈ፤ በ2015 ዓ.ም. የክልል ልዩ ኃይሎች እንዲፈርሱ ተወሰነ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር በአማራ ክልል ግጭቱ ተባብሶ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። በዚህ መካከል መሣሪያ በየቤቱ ገባ፤ ልምምድ ግን አልገባም። በሐምሌ 2007 ዓ.ም. መንግሥት የሕፃናትን መቀንጨር ለማጥፋት ቃል ሲገባ ስሙን የወሰደው ከዚህችው ከተማ ነበር፤ የሰቆጣ ቃል ኪዳን። የአጎቴ ሁለት በሬዎች በዚህች አገር ምን ማለት እንደሆኑ ከዚህ በላይ ማስረዳት አይገባኝም።

«ታዲያ ልጁ ዒላማ መምታት ቢፈልግስ?» ለሚለኝ መልስ አለኝ። የባሩድ መሣሪያ እንኳ አያስፈልገውም። በኦሎምፒክ የ10 ሜትር ውድድር የሚካሄደው ባለ 4.5 ሚሊሜትር እርሳስ በታመቀ አየር በሚተፋ ሽጉጥ ነው፤ የዒላማው መሐል 11.5 ሚሊሜትር ብቻ ስለሆነ ጉራ አያስተናግድም። በፓሪስ 2024 ኦሎምፒክ ቱርካዊው ዩሱፍ ዲኬች አንድ እጁን ኪሱ ከትቶ ከሴት ጓደኛው ተኳሽ ጋር ብር ሲያገኝ ዓለም ያጨበጨበው ለዚህ ዓይነት ሽጉጥ ነበር፤ ከቱርክ የሚመጣ ሽጉጥ ሁሉ የኮንትሮባንድ አይደለም ማለት ነው። ቦታውም ቀላል ነው። በሰቆጣ አንድ የትምህርት ቤት አዳራሽ፣ በዒላማው በኩል መስኮትም በርም የሌለው ግድግዳ፣ እርሳሱን የሚይዝ የብረት ሣጥን፣ ሽጉጦቹን ቆልፎ የሚያስቀምጥና መዝገብ የሚይዝ አንድ ኃላፊ፣ «ተኩስ አቁም!» ሲል ሁሉም የሚሰማው አንድ አሠልጣኝ። ዞኑ ሰላም ሲያገኝ የስፖርት ጽሕፈት ቤቱ ይህን በዕቅዱ ውስጥ ቢያስገባ፣ ያንን አሠልጣኝ በክረምት ዕረፍቴ ያለ ክፍያ እሆናለሁ።