ርካሹ ቤት

በእኛ በአማኞች ዘንድ አንድ የተለመደ አነጋገር አለ፤ ነገር በቀለለ ቁጥር «ጌታ በር ከፈተ» እንላለን። ሥራ ሲገኝ፣ ቪዛ ሲመታ፣ ዕቃ ከዋጋው በታች ሲገኝ። እኛ ባልና ሚስትም ወረታ ውስጥ ከኪራይ ቤት ወደ ኪራይ ቤት ስንዞር ኖረን፣ ወደ ርብ ወንዝ በኩል አንድ ባለ ሁለት ክፍል ጭቃ ቤት ከሌላው ሰፈር በግማሽ ዋጋ እንደሚሸጥ ሲሰማ፣ የጸሎት ኅብረታችን ወገኖች ያሉን ይህንኑ ነው።

የፎገራን ሜዳ በሚያዝያ ያየ ሰው ጎርፍ ትዝ አይለውም። መሬቱ ተሰነጣጥቆ እግር ያስገባል። ነገር ግን ርብና ጉማራ ከጉና ተራራ አፈር ጠርገው ይወርዱና ሜዳው ላይ ሲደርሱ ጉልበታቸው ይደክማል፤ የተሸከሙትን እዚያው ያራግፉታል። የወንዙ ወለል በደለል ከፍ ባለ ቁጥር ውኃው ዳርቻውን ጥሶ ይወጣል። ጣናም ከሞላ መሄጃ ያጣል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት፣ ድሬዳዋ ላይ ደቻቱ ሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው በገደለበት በዚያው ክረምት፣ ፎገራና ሊቦ ከምከም በውኃ ተውጠው በሺዎች የሚቆጠር ሰው ተፈናቅሏል። የዚህ አገር ሰው ግን ጎርፉን እንደ ጠላት ብቻ አያየውም። ፎገራን የሩዝ አገር ያደረጋት ያው ውኃና ያው ደለል ነው። ማሳው የሚወደውን ነው ቤቱ የሚፈራው።

ቤቱን ልናይ ስንሄድ ደላላው ስለ ቆርቆሮውና ስለ ካርታው ብዙ አወራ። ባለቤቲቱ እናት ዝም ብለው ቆይተው በመጨረሻ አልጋውን ከግድግዳው ሳብ አደረጉ። ከወገባችን ትንሽ ዝቅ ብሎ ቡናማ መስመር ይታያል። «ልጆቼ፣ ውኃው የደረሰው እዚህ ነው። ሳልነግራችሁ ብሸጥላችሁ ክረምት በመጣ ቁጥር እንቅልፍ አይወስደኝም» አሉን። ደላላው ፊቱን አዞረ። እኚህ ሴት ገንዘቡን የሚፈልጉት ለሕክምና ነበር።

እቤት ገብተን ጸለይን፤ ቁጭ ብለንም አሰላን። ሉቃስ 14 ላይ ጌታ ግንብ ሊሠራ ስለሚያስብ ሰው የተናገረው ከጸሎት የሚያንስ ነገር አይመስለንም። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት መሬት አይሸጥም፤ የሚሸጠው ላዩ ላይ ያለው ቤት ነው። እንግዲህ ያለችንን ጥሪት ሁሉ የምናፈሰው ውኃው ሊወስደው በሚችለው ነገር ላይ ነው። ወለሉን በድንጋይና በገረጋንቲ ከፍ ለማድረግ የሚያስፈልገውን ስንደምርበት ርካሽነቱ ጠፋ። እናትየውን አመስግነን ተውነው።

ማቴዎስ 7ን ስለ ሁለቱ ቤቶች ሲሰበክ ስንሰማ ግን አሁን አንድ ነገር ይቆረቁረናል። አንዳንድ ሰባኪ በወንዝ ዳር የሚኖረውን ሰው ሰነፍ አድርጎ ምሳሌ ይጠቅሰዋል። ጌታ ሰነፍ ያለው ቃሉን ሰምቶ የማያደርገውን ነው፤ ድሀውን አይደለም። ሉቃስ ጠቢቡ ሰው ዓለቱን እስኪያገኝ አጥልቆ እንደ ቆፈረ ይጽፋል። በዚህ ሜዳ ግን ብትቆፍር ብትቆፍር ጥቁር አፈር ነው፤ ዓለት ያለበት ቦታ ዋጋው አይቀመስም። ናበጋና ሺና ያለው ገበሬ ውኃው እንደሚመጣ ከማናችንም በላይ ያውቃል። የሚቀመጠው ማሳው እዚያ ስለሆነ ነው።

ያንን ቤት ሦስት ልጆች ያሉት አንድ የቀን ሠራተኛ ገዛው። እናትየው ለእሱም አልጋውን ስበው አሳይተውታል፤ አውቆ ነው የገባው። «እናንተ ለኪራይ አላችሁ፣ እኔ ለኪራይ የለኝም» ነው ያለን። የምንመልሰው አልነበረንም።

እኛ ዛሬም በደብረ ታቦር መውጫ በኩል ተከራይተን ነው ያለነው፤ ቦታው ከፍ ያለ ነው። ሐምሌ ሲገባ ስልኩን ወሰድን፣ የእኛንም ሰጠነው። ወደ ጉና በኩል ሰማዩ ሲጠቁር አንዳችን እንደውላለን። ለልጆቹ የሚሆን ሁለት ፍራሽ ጠቅልለን ከበሩ ኋላ አቁመናል፤ አከራያችንም ነገሩን ሰምተው እሺ ብለዋል።