የኤርታሌ መንገድ የሚጠየቀው ከሰው ነው

በአፋር ካለችው ሐመድ ኢላ እስከ ኤርታሌ እሳተ ገሞራ ግርጌ ያለው ርቀት 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አስፋልት ቢሆን ኖሮ አንድ ሰዓት ይበቃው ነበር። ጎብኚዎች ለዓመታት ይህን መንገድ በላንድ ክሩዘር ሲሄዱ ግን ስድስት ሰዓት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጅባቸው ነበር። የጊዜው ትልቁ ድርሻ የሚያልቀው ደግሞ ተራራው ቅርብ ሆኖ በሚታይበት በመጨረሻዎቹ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ላይ ነው።

ሐመድ ኢላ ከባሕር ጠለል በታች የተዘረጋ የጨው ሜዳ ዳር ያለች መንደር ናት። በአቅራቢያዋ ዳሎል ላይ በ1950ዎቹ የተመዘገበው አማካይ ዓመታዊ ሙቀት ከ34 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ነበር፤ ሰው ከኖረባቸው ቦታዎች ሁሉ ከፍተኛው ተብሎ የተያዘው ይኸው ቁጥር ነው። ከመንደሯ ወደ ደቡብ የሚሄድ መኪና መጀመሪያ የሚያገኘው የደረቀ ጭቃና ጨው ነው፤ እዚያ ላይ መኪናው ይሮጣል። ቀጥሎ አሸዋው ይመጣል። ከአሸዋው በኋላ ደግሞ እንደ ዱቄት የላመ አቧራ አለ፤ ጎማው ሲነካው ወደ ላይ ይነሳና የፊት መስታወቱን ይሸፍነዋል፤ ከኋላ የሚከተለው ሹፌር የፊተኛውን መኪና መብራት እንኳ ማየት ያቅተዋል። መጨረሻ ላይ ጥቁሩ ድንጋይ ይጠብቃል።

መንገዱን የለመደ ሹፌር አሸዋው ከመጀመሩ በፊት ይቆማል። ወርዶ በትንሽ ጠጠር የጎማውን ቫልቭ ይጫንና ንፋሱን ይቀንሳል፤ እያንዳንዱን ጎማ በመዳፉ እየተጫነ፣ በዓይኑም እየለካ ያስተነፍሰዋል። የለሰለሰ ጎማ አሸዋው ላይ ተዘርግቶ ስለሚያርፍ መኪናው አይሰምጥም። ከዚያ ወዲያ ያለው ሕግ አጭር ነው፦ አሸዋ መሃል መቆም የለም፣ ድንገት መሪ መጠምዘዝም የለም። ድንጋዩ ሲጀምር ነገሩ ሁሉ ይገለበጣል። የቀዘቀዘው ቅልጥ አለት ጠርዙ ስለት ነው፤ የላላ ጎማ እዚያ ላይ ጎኑ ይቀደዳል፤ ጎኑ የተቀደደ ጎማ ደግሞ በልጥፍ አይድንም። ስለዚህ ንፋሱ ተመልሶ ይሞላል፣ ትንሹ ማርሽ ይገባል፣ ረዳቱ ወይም መንገድ መሪው ወርዶ ከፊት ከፊት ይሄዳል። መዳፉን ወደ ቀኝ ካዘነበለ ቀኝ፣ ወደ ግራ ካዘነበለ ግራ፣ ከገተረው ቁም ማለት ነው። መኪናው በሰው እርምጃ ይከተለዋል። ተሳፋሪው ጣሪያ እንዳይመታው መያዣውን ጨብጦ ይቀመጣል፤ ብዙዎች ወርደው በእግራቸው መሄዱን ይመርጣሉ።

ነዳጅ ማደያ የለም፣ ጎሚስታ የለም፣ ስልክ በአብዛኛው አይሠራም። ለዚህ ነው በዚህ መስመር ላይ አንድ መኪና ብቻውን የማይወጣው። ሁለትና ሦስት ሆነው ይሄዳሉ፤ ጣሪያው ላይ የናፍጣ ጀሪካን፣ የውሃ ጀሪካን፣ ከአንድ በላይ ስኮርታ ጎማ፣ አካፋና ገመድ ይጫናል።

ይህ ሁሉ ዝግጅት ግን አንድ ጥያቄ አይመልስም፦ መንገዱ ዛሬ የት ነው ያለው? ጥያቄው እንግዳ ሊመስል ይችላል። አፋር ውስጥ ግን መሬቱ ራሱ ይንቀሳቀሳል። በመስከረም 1998 ዓ.ም. በዳባሁ እሳተ ገሞራ አካባቢ በቀናት ውስጥ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው መሬት ተሰንጥቆ፣ ስፋቱ በአንዳንድ ቦታ እስከ 8 ሜትር ደርሷል። በጥር 2009 ዓ.ም. የኤርታሌ የእሳት ሐይቅ ሞልቶ ከፈሰሰ በኋላ በተራራው ጎን አዲስ ስንጥቅ ተከፈተ፤ የወጣው ቅልጥ አለት ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ሜዳው ላይ ወርዷል። ትናንት ጎማ ያለፈበት ቦታ በጥቁር ድንጋይ ሊሸፈን ይችላል። ደራሽ ውሃም ከደጋው ወርዶ የመኪናውን ዱካ በአንድ ሌሊት ያጠፋዋል። ስልክ ላይ የተጫነ ካርታ ይህን አያውቅም፤ የሚያሳየው ያለፈው ዓመት መኪና የሄደበትን ነው።

የሚያውቀው እዚያ የሚኖረው ሰው ነው። አፋሮች ዳጉ የሚሉት የወሬ ልውውጥ አላቸው። ሁለት ሰዎች በረሃ ላይ ሲገናኙ፣ ቢተዋወቁም ባይተዋወቁም፣ አረፍ ብለው ይጠያየቃሉ። ከየት መጣህ? ዝናቡ የት ጣለ? የቱ ጉድጓድ ውሃ አለው? ሰላም ነው? የማይታወቅ ሰው አጋጠመህ? የጠፋ ግመልስ? የሚቸኩል የለም። በዓይን የታየው በጆሮ ከተሰማው ተለይቶ ይነገራል፤ የሰማ ሰው ከማን እንደሰማ ይናገራል፤ ሐሰት ያቀበለ ሰው ይጠየቅበታል። መንገድ መሪው መኪናውን አስቁሞ ከአንድ እረኛ ጋር ግራር ጥላ ሥር ሲቀመጥ፣ ከአዲስ አበባ የመጣው እንግዳ ሰዓቱን እያየ ይቁነጠነጣል። ይሁንና በዚያች ግማሽ ሰዓት ውስጥ የጉዞው ዕጣ ይወሰናል፤ ወንዙ መሙላቱ፣ አሸዋው መዝጋቱ፣ ቀጣዩ መንደር ሰላም መሆኑ የሚታወቀው እዚያ ነው። እንደ ዳጉ ያለ ትክክለኛና ፈጣን የመንገድ መረጃ በዚያ በረሃ ላይ ሌላ የለም። ቢሮ ሆኖ የጉዞ መርሐ ግብር የሚያወጣ ሰው ይህን ጊዜ ቆጥሮ ሊያስገባው ይገባል።

ኤርታሌ ከፍታው 613 ሜትር ብቻ ነው። ከሩቅ ሲታይ ተራራ ነው ለማለት የሚያጠራጥር ሰፊ ጉብታ ነው፤ ቀጭን ቅልጥ አለት በቀጭን ቅልጥ አለት ላይ እየተነጠፈ የሠራው ስለሆነ ሾጣጣ ጫፍ የለውም። የቀድሞው ጉዞ ዶዶም ከሚባለው ሰፈር ይነሳና ፀሐይ ከገባች በኋላ በእግር ሦስትና አራት ሰዓት ይፈጅ ነበር፤ ፍራሹንና ውሃውን ግመሎች ይሸከሙት ነበር። ማደሪያው የገደሉ አፋፍ ላይ ነው፤ ከድንጋይ የተካቡ ዝቅተኛ መጠለያዎች አሉ፤ ብዙው ሰው ግን ፍራሹን ደጅ ዘርግቶ ሰማይ ሥር ይተኛል። ታች አየሩ የጋለ ቢሆንም እዚያ ላይ ነፋስ አለ። ነፋሱ ወደ ሰፈሩ ሲዞር የድኝ ጢስ ጉሮሮ ያንቃል፤ ሳል ይነሳል፤ ሰው ሁሉ አፉን በሻሽ ይሸፍናል። ጠባቂዎቹ ሽርጣቸውን አገልድመው፣ ጠመንጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ሌሊቱን ያወጋሉ። እዚያ ያደረ ሰው ስለ እሳቱ ብዙ ያወራል። ከእሳቱ እኩል ሊነገርለት የሚገባው ግን ያ የሌሊት ጥበቃ ነው።

ምክንያቱም አደጋው የእሳት ብቻ አይደለም። በጥር 2004 ዓ.ም. በዚሁ ተራራ ላይ ያደሩ ጎብኚዎች ላይ ታጣቂዎች ተኩስ ከፍተው 5 የውጭ ዜጎች ተገድለዋል፤ 2 ጀርመናውያንና 2 ኢትዮጵያውያን ታግተው ተወስደዋል። ከዚያ በኋላ ያለ ታጣቂ አጃቢ መውጣት አይታሰብም። የተገደሉትም ሆኑ የታገቱት የሰው ልጆች እንደሆኑ መዘንጋት የለበትም፤ ስለ ጀብዱ በሚጻፉ ጽሑፎች ውስጥ የነሱ ነገር ቶሎ ይታለፋል።

ከመኪና በፊትም ሰው ይህን በረሃ ተሻግሯል። አሳሹ ኔዝቢት በ1920 ዓ.ም. ከሁለት ጓደኞቹና ከኢትዮጵያውያን አጃቢዎች ጋር ከአዋሽ ተነስቶ በግመል እስከ ቀይ ባሕር ዳርቻ ደርሷል። በ1960 ዓ.ም. አካባቢ የእሳተ ገሞራ ተመራማሪው ሃሩን ታዚዬፍና ባልደረቦቹ ኤርታሌን በቅርበት አጥንተው የእሳት ሐይቁን ለሳይንሱ ዓለም አስተዋወቁ። የነሱ ስም በመጻሕፍት ገብቷል። ውሃው የት እንዳለ ያሳዩአቸው የአፋር ሰዎች ስም ግን እምብዛም አልተጻፈም።

ተራራው አሁንም አላረፈም። ሐምሌ 8 ቀን 2017 ዓ.ም. ኤርታሌ አመድና ጢስ ወደ ሰማይ ተፋ። ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. ደግሞ በዚያው የተራራ ሰንሰለት ላይ ከኤርታሌ በስተደቡብ ምሥራቅ የሚገኘው ሃይሊ ጉቢ ፈነዳ። ሲፈነዳ የታየበት ታሪክ አልነበረውም። አመዱ 14 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ላይ ወጥቶ በቀይ ባሕር ላይ ወደ የመንና ወደ ኦማን፣ አልፎም እስከ ፓኪስታንና ሕንድ ተጓዘ፤ ሕንድ ውስጥ በረራዎች ተሰረዙ። አፍዴራ መንደር አመድ ለበሰች፤ ወደ በረሃው ሊሄዱ የነበሩ ጎብኚዎችና አስጎብኚዎች እዚያው ተይዘው ቀሩ። ጎብኚው መንገዱ ሲከፈት ወደ አገሩ ይሄዳል። አርብቶ አደሩ ግን ፍየሉና ግመሉ የሚግጡት ሣር ነው አመድ የለበሰው።

ስለዚህ ወደዚያ ለመሄድ ያሰባችሁ፣ በአገር ውስጥም ሆነ በውጭ ያላችሁ ወገኖች፣ ጥቂት ነገር እንለምናችሁ። ከሰመራም ተነሱ ከመቀሌ፣ የአካባቢውን ተወላጅ መንገድ መሪ ሳትይዙ አትነሱ፤ ክፍያውም በእጁ መድረሱን አረጋግጡ። ወቅቱ ከኅዳር እስከ የካቲት ነው፤ ከዚያ ውጭ ባለው ሙቀት ለመሞከር አታስቡ። ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ 5 ሊትር ውሃ ያዙ፤ ከመንደር ጉድጓድ ላይ ለመሙላት አትተማመኑ፤ ያ ውሃ የፍየሎቹና የልጆቹ ነው። ፕላስቲካችሁን ይዛችሁ ተመለሱ። መሪያችሁ መንገድ ላይ ከሰው ጋር ሲቀመጥ አታጣድፉት፤ ጨርሶ ሲነሳ «ዛሬ አይኬድም» ካላችሁ፣ የከፈላችሁትን ገንዘብ ሳትቆጥሩ መኪናውን አዙሩ።