ባርኔጣ ያደረገው ሰውዬ

በብዙ ቤታችን በር ዘግቶ መቀመጥ ነውር ነው። በሩን የዘጋ ሰው ወይ ታሟል፣ ወይ ተቀይሟል፣ ወይ አንድ ጉድ እየሠራ ነው። ስልክም እንደ በሩ ነው፤ "እስቲ ስልክሽን አቀብዪኝ" ያለ ዘመድ ለምን እንደፈለገው አይጠየቅም። ላፕቶፕማ ጭራሽ የጋራ ነው። እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ አንድ ሰው ፍለጋው ሳጥን ላይ ሁለት ፊደል ሲጽፍ፣ ማሽኑ ትናንት ማታ የተፈለገውን ሁሉ ዘርግፎ ያወጣለታል። የትናንቱ ፈላጊ የኳስ ውጤት ያየ ወንድም ከሆነ ችግር የለም። ስለ እርግዝና ምርመራ ያነበበች እህት ከሆነች ግን ጉድ ፈላ።

ስለዚህ ጓደኞቼ ኢንኮግኒቶ የሚባለውን መስኮት ቢወዱት አይገርመኝም። (ምልክቱን ልብ ብላችሁታል? ባርኔጣ የደፋ፣ መነጽር ያደረገ ሰውዬ። እኛ አገር እንዲህ ያለ ሰው ጥግ ይዞ ሲቀመጥ የተደበቀ ሳይሆን ጆሮ ጠቢ ነው የሚመስለን።)

ነገሩ አዲስ አይደለም። አፕል ሳፋሪ ላይ ያስገባው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው። ክሮም በ2008 ከነኢንኮግኒቶው መጣ፤ በዓመቱ ኢንተርኔት ኤክስፕሎረርና ፋየርፎክስ ተከተሉ። አሠራሩም ቀላል ነው። መስኮቱ ክፍት እስካለ ድረስ እንደወትሮው ይሠራል፤ ኩኪ የሚባሉትን ትንንሽ መለያዎችም ይቀበላል። መስኮቶቹን በሙሉ ስትዘጉ የጎበኛችሁትን ዝርዝር፣ ኩኪዎቹንና ፎርም ላይ የሞላችሁትን ይጥለዋል። ያወረዳችሁት ፋይል ግን እዚያው ቁጭ ብሎ የሚከፍተውን ይጠብቃል። በቃ ይኸው ነው። የሚጠርገው የራሳችሁን ግቢ እንጂ መንገዱን አይደለም።

ጸቤ ከስሙ ጋር ነው፤ "ሚስጥራዊ" የሚለው ቃል ከሚሠራው ሥራ በጣም ይገዝፋል። አንዲት የማውቃት ልጅ (መሥሪያ ቤቷን ልተወው) በምሳ ሰዓት፣ በቢሮ ዋይፋይ፣ በኢንኮግኒቶ ሌላ ሥራ ትፈልግ ነበር። በሳምንቱ አለቃዋ ጠርቶ "ልትለቂን ነው አሉ" አላት። "ሁሉን አጥፍቼ ነበር እኮ!" እያለች ነገረችኝ። እውነቷን ነው፤ ከኮምፒውተሯ ጠፍቷል። የቢሮው ኔትወርክ ግን የራሱን መዝገብ ይይዛል። ኤችቲቲፒኤስ የሚጠቀም ገጽ ላይ ውስጡን ምን እንዳነበባችሁ በመንገድ ላይ ያለ ሰው አያይም፤ የገጹ ስም ግን አብዛኛውን ጊዜ ይታያል። የሥራ ማስታወቂያ ገጽ ደግሞ ስሙ ብቻውን አፍ አለው።

ክሮም ይህን አልደበቀም ይባል ይሆናል። መስኮቱ ሲከፈት የምትጎበኟቸው ገጾች፣ አሠሪያችሁ ወይም ትምህርት ቤታችሁ፣ የኢንተርኔት አቅራቢያችሁም ሊያዩ እንደሚችሉ ይጽፋል። ማን ያነበዋል? ደግሞስ የጉግል የራሱ ነገር? በ2020 አሜሪካ ውስጥ ተጠቃሚዎች "በኢንኮግኒቶም ተከታትሎናል" ብለው ጉግልን ከሰሱና ቢያንስ 5 ቢሊዮን ዶላር ጠየቁ። ጉግል ጥፋቱን ባያምንም በ2023 መጨረሻ ለመስማማት ፈቀደ። በ2024 ይፋ በሆነው ስምምነት በቢሊዮን የሚቆጠሩ መዝገቦችን ሊሰርዝና ማሳሰቢያውን በግልጽ ሊጽፍ ቃል ገባ። ለተጠቃሚዎቹ በጅምላ የሚከፈል ካሳ ግን በስምምነቱ የለበትም።

"ንጹሕ ከሆንሽ ምን የምትደብቂው አለ?" የሚለው ጥያቄ ጋዜጠኝነት ለተማርን ሰዎች ከቤተሰብ ወግ አልፎ ይሄዳል። በ2014 የታሰሩት የዞን 9 ጦማርያን በሽብር ሲከሰሱ የኢንተርኔት ደኅንነት ሥልጠና መውሰዳቸው ሳይቀር ክሱ ውስጥ ገብቶ ነበር። በ2015 የአንዳንዶቹ ክስ ተቋረጠ፤ ቀሪዎቹም ከሽብር ክሱ ነጻ ተባሉ። በ2014 ደግሞ የካናዳው ሲቲዝን ላብ በውጭ አገር በሚሠሩ ኢትዮጵያውያን ጋዜጠኞች ላይ የስለላ ሶፍትዌር እንደተሞከረ አሳወቀ። እንዲህ ያለው ኮምፒውተር ውስጥ ከገባ ስትጽፉ ስለሚያያችሁ፣ ባርኔጣው ሰውዬ ምንም አያደርግለትም።

ያም ሆኖ ለአክስቴ ልጅ ኢንኮግኒቶን ያሳየኋት እኔ ነኝ። ስልኩ የእሷና የእናቷ የጋራ ነው። ስትጨርሺ መስኮቶቹን ሁሉ ዝጊ፣ የወረደ ፋይል እንዳይቀር እይ፣ ውስጡ ሆነሽ በጉግል አካውንትሽ አትግቢ፣ የትምህርት ቤት ዋይፋይ ላይ ከሆንሽ ግን አትመኚው አልኳት። በጥሞና ስታዳምጥ ቆይታ፣

"ቴሌስ አያየኝም?" አለችኝ።

"የት ገጽ እንደገባሽ ሊያይ ይችላል።"

ትንሽ አሰበችና ሳቀች። "እሱ ለእማዬ አይነግርብኝም።"