ለልጄ፣ ሸንጎ ፊት ስለቆሙት

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣ ወልቂጤ

  

በስልክ የጠየቅሽኝን ነገር በስልክ መመለስ አልወደድኩም። ጓደኞችሽ የየአካባቢያቸውን ታላላቅ ሰዎች እየጠሩ ሲያወጉ፣ አንቺ የጉራጌን ስትጠየቂ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስንና ደጃዝማች ባልቻን ጠርተሽ ከዚያ በላይ እንዳልሄደልሽ ነገርሽኝ። «አባዬ፣ ሌላ ሰው የለንም እንዴ?» አልሽኝ። ዕድሜዬን ታሪክ ሳስተምር ኖሬ የገዛ ልጄ ይህን ስትጠይቀኝ ዝም ማለት አይሆንልኝም።

የጠራሻቸው ሁለቱ ስማቸው ሊጠራ የሚገባ ነው። ሁለቱም በጨቦና በጉራጌ ምድር ተወልደው፣ በልጅነታቸው በጦርነት ተማርከው ምኒልክ ዘንድ ያደጉ ናቸው። ሀብተ ጊዮርጊስ ሚኒስትሮች መጀመሪያ በተሾሙበት በ1900 ዓ.ም የጦር ሚኒስትር ሆኑ፤ በፍርድ አዋቂነታቸው «አባ መላ» ተባሉ። ባልቻ ዓድዋ ላይ በመድፍ ስማቸውን ተከሉ፤ በ1929 ዓ.ም በሽምግልናቸው ለጣሊያን እጅ አልሰጥም ብለው ሞቱ። ኦሮሞውም ጉራጌውም «የኛ ናቸው» ይላል፤ ሁላችንም ብንካፈላቸው አያልቁም። ወልቂጤ ስላለሽ ደግሞ የቀቤናውን ሐሰን እንጃሞን ማወቅ አለብሽ። የምኒልክ ጦር ወደዚህ ሲገፋ ለዓመታት የመከተ ሰው ነው። በአንዱ ወገን ይወደሳል፣ በሌላው ይወቀሳል፤ አንቺ ሁለቱንም ስሚ።

ሆኖም ልጄ፣ ታላቅ ሰው ስትፈልጊ ፈረስ ላይ ብቻ አትፈልጊ። እኔ እንደሚገባኝ ይህን አገር ከጦረኛው ይልቅ የሠሩት፣ ጉዳያቸውን ይዘው ሕዝብ ፊት የቆሙ ሰዎች ናቸው። የሰባት ቤት ጉራጌው የጆካ፣ የክስታኔ ጉራጌው ጎርደና ሴራ እንዲሁ ለሥነ ሥርዓት የተቀመጡ ሸንጎዎች አልነበሩም። ንጉሥ በሌለበት አገር፣ ሰው እርስ በርሱ የሚዳኝባቸው ነበሩ። እዚያ ፊት መቆም ጦር ሜዳ ከመቆም የሚያንስ ድፍረት አይጠይቅም።

ከሁሉ በፊት እንድታውቂያት የምፈልገው የቃቄ ውርድወትን ነው። የኖረችው ከዛሬ መቶ ሃምሳ ዓመት በፊት ገደማ ነው። አባቷ ቃቄ ስመ ጥር ሰው ነበር፤ እሷም የተከበረ ቤት ልጅ፣ የተከበረ ሰው ሚስት ነበረች። ዝም ብላ መኖር ትችል ነበር ማለቴ ነው። በዚያ ዘመን ወንዱ ያሻውን ያህል ሚስት ያገባል። ሴቲቱ ግን ባሏ አንቂት በሚባለው ሥርዓት ካሰራት እሱ ካልለቀቃት በቀር ሌላ ማግባት አትችልም፤ ደፍራ ብታገባ እርግማኑ በእሷም በልጆቿም ላይ ይወርዳል ተብሎ ይታመናል። ከአንቂቱ በላይ የሚያስረው ፍርሃቱ ነበር። ውርድወት ይህን አልቀበልም አለች። ሴቶችን አስተባበረች፤ ከዚያም የሴት ድምፅ በማይሰማበት በየጆካ ፊት ቀረበች። ወንድ በሚስት ላይ ሚስት የሚያገባ ከሆነ እኔስ በባል ላይ ባል ለምን አላገባም፤ የማይሆን ከሆነ ለሁላችንም አይሁን፤ የማልፈልገውን ባል ትቼ የምፈልገውን ላግባ። የጥያቄዋ ሐሳብ ይህ ነበር።

ሽማግሌዎቹ ምን እንደመለሱላት ከሰው ሰው አተራረኩ ይለያያል። አያትሽ እንደምትተርከው ለእሷ መብቷ ተፈቀደላት፣ ለቀሩት ሴቶች ግን በብልሃት ተድበስብሶ ቀረ። እኔን የሚያስደንቀኝ ከፍርዱ ይልቅ አካሄዷ ነው። በሌሊት ጠፍታ ወደ ሌላ አገር አልሄደችም። የወንድሞቿን ጦር አላስነሳችም። የጎዳት ሕግ የወጣበት ሸንጎ ድረስ ሄዳ፣ በሸንጎው ቋንቋ፣ በሸንጎው ሥርዓት ሞገተች። ጥያቄው ዛሬ በፍርድ ቤትና በቤተሰብ ሕግ የምንጨቃጨቅበት ጥያቄ ነው፤ እሷ ግን የጻፈችው አንድ ወረቀት ሳይኖር አንስታዋለች። ታሪኳ ከእናት ወደ ልጅ በአፍ ሲወርድ ኖሮ፣ በኛ ዘመን እንዳለጌታ ከበደ «እምቢታ» በሚለው ልቦለዱ አነሳት፤ በብሔራዊ ቴአትርም ለመድረክ በቃች። ልጄ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ስለ ጉራጌ ታላቅ ሰው ስትጠየቂ ከእሷ ጀምሪ።

ከውርድወት ቀጥሎ የምነግርሽ ስለ አንድ ሰው አይደለም፤ ስለ ብዙ ሰው ነው። ጀፎረን ታውቂዋለሽ፤ በልጅነትሽ እናትሽ አገር ስንሄድ ከቤቶቹ ፊት ለፊት በተዘረጋው ሰፊ ሣር ላይ ስትሮጪ ውለሻል። ሠርጉም ለቅሶውም የመስቀል ጨዋታውም እዚያው ነው። ማንም አጥሩን ገፍቶ አንድ ክንድ ወደ ጀፎረ ቢያስገባ በባህሉ ሕግ ይጠየቃል። መንገድ የጋራ መሆኑን ሕዝባችን ያወቀው መኪና ከማየቱ ብዙ ዘመን ቀድሞ ነው። እንግዲህ በ1950ዎቹ ዓ.ም አዲስ አበባ የነበሩ የአገራችን ሰዎች፣ ልብስ ሰፊውም ሸቀጥ ነጋዴውም መኮንኑም የመንግሥት ሠራተኛውም፣ አንድ ላይ ተቀምጠው የጉራጌ መንገድ ሥራ ድርጅትን አቋቋሙ። ያን ጊዜ ከጅማው መንገድ ወጥቶ ወደ ውስጥ የሚገባ ሰው በእግሩ ወይም በበቅሎ ነበር። ክረምት ዋቤ ሲሞላ ወላድ ትሞታለች፤ የታመመ በቃሬዛ ላይ ይቀራል። መንግሥት ይሥራልን ብለው አቤቱታ ብቻ ጽፈው አልተቀመጡም። ገንዘብ አዋጡ፣ መሐንዲስ ፈለጉ፣ መንግሥትንም የድርሻህን አምጣ አሉት። ከመንገዱ ወደ ትምህርት ቤት፣ ወደ ውኃና ወደ መብራት አለፉ።

በኛም በኩል ከዓለም ገና ተነሥቶ በቡታጅራና በሆሳዕና አድርጎ ወላይታ ሶዶ የሚደርሰውን መንገድ ለማሠራት የተቋቋመ ማኅበር ነበር። ይህኛው ይበልጥ ልቤን ይነካኛል። ክስታኔው፣ መስቃኑ፣ ስልጤው፣ ሀዲያው፣ ከምባታው፣ ወላይታው በአንድ መንገድ ላይ ተሰልፎ አዋጣ። የአገራችን ምሁር ዶክተር ፈቃዱ ገዳሙ በ1972 እ.ኤ.አ ለንደን ዩኒቨርሲቲ ያቀረቡት የዶክትሬት ጥናት ስለዚሁ ማኅበር ነው። አስቢው፤ ለንደን ድረስ ሄደው የመረጡት ጉዳይ የነገሥታት ታሪክ አልነበረም፤ የወገኖቻቸው መዋጮ ነበር። አባቴ፣ ያንቺ ወንድ አያት፣ ለዚያ መንገድ ካዋጡት አንዱ ናቸው። ስማቸው በየትም ሐውልት ላይ የለም። ግን እኔ ዩኒቨርሲቲ የገባሁት፣ አንቺም ዛሬ እዚያ የደረስሽው፣ እሳቸውና መሰሎቻቸው ባስጠረጉት መንገድ ነው።

ጸሐፊዎቹንም አልረሳሁም። ሳህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም በጉራጌ ገጠር ተወልዶ አሜሪካ ካሊፎርኒያ ድረስ ለትምህርት የሄደ ሰው ነው። እዚያ ሆኖ የመንደሩን ሕይወት በቸሃኛ ጻፈ። ማንም ልቦለድ ጽፎበት በማያውቅ ቋንቋ ማለት ነው! ሊቁ ዎልፍ ሌስላው ወደ እንግሊዝኛ መለሰው፤ በ1964 እ.ኤ.አ ታተመ። ቀጥሎ ሳህለ ሥላሴ ራሱ በእንግሊዝኛ «አፈርሳታ» የተባለውን ልቦለድ ጻፈ። ጎጆው የተቃጠለበት ሰው አለ፤ የመንደሩ ሰው አጥፊውን ለማውጣት አውጫጭኝ ይቀመጣል፤ ልቦለዱ ያንን ይተርካል። አየሽው? ጸሐፊያችንም ለዓለም ሊያሳይ የመረጠው ሸንጎውን ነው። በአማርኛም ብዙ ጽፏል፣ ተርጉሟልም። ዩኒቨርሲቲሽ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ፈልጊው፤ ከሌለ እንዲገዙ ጠይቂ።

ሳህለ ሥላሴ በገዛ ቋንቋው መጻፉ አንድ ሰው ያስታውሰኛል። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለሁ ሒሳብ ያስተማሩን ህንዳዊ መምህር ነበሩ፤ ያን ጊዜ ኦሪሳ ከምትባለው፣ ዛሬ ኦዲሻ ከሆነችው ግዛት የመጡ። አንድ ቀን ሒሳቡን አቁመው ስለ አገራቸው አወሩን። ከጎረቤት ግዛት የመጡ ምሁራን፣ የናንተ ቋንቋ የኛ ቋንቋ ዘዬ እንጂ ራሱን የቻለ አይደለም፣ ትምህርት ቤት አያስፈልገውም ብለው ተነሥተው ነበር አሉ። ፋኪር ሞሃን ሴናፓቲ የሚባል ሰው ማተሚያ ቤት አቋቋመ፤ መሬቱን ስለተቀማ ገበሬም በዚያው በተናቀው ቋንቋ ልቦለድ ጻፈ። ማዱሱዳን ዳስ የተባለ ጠበቃ ደግሞ በ1903 እ.ኤ.አ የሕዝቡን ጉባኤ ጠራ፤ በ1936 እ.ኤ.አ ኦሪሳ ራሷን የቻለች ግዛት ሆነች። ጠበቃውም ጸሐፊውም ወታደር አልነበሩም። መምህሩ ይህን ሲሉ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። እኔ ያን ጊዜ የራሴን አገር ሰዎች ማሰብ ጀመርኩ።

በኛም አገር ከሳህለ ሥላሴ በኋላ ሌሎች ጸሐፊዎች መጥተዋል። ወርቁ ንዳ «ጀብዱ፦ የጉራጌ ባህልና ታሪክ» የሚለውን መጽሐፍ በ1983 ዓ.ም አሳተመ። ገብረ ኢየሱስ ኃይለ ማርያምም ስለ ጉራጌ ማኅበራዊ ኑሮ በእንግሊዝኛ ሰፊ መጽሐፍ ትቶልናል። ሁለቱንም አንብቢ፤ ያልተስማማሽበትን በኅዳጉ ላይ ጻፊ።

ጤና የምትማረው ጓደኛሽ ደግሞ የቡታጅራን ስም ከኛ ቀድማ ሰምታው ይሆናል። በ1979 ዓ.ም አካባቢ ዶክተር ደስታ ሻመቦና ባልደረቦቻቸው ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ መጥተው ቤት ለቤት የሚወለደውንም የሚሞተውንም መመዝገብ ጀመሩ። በዚህ አገር ሕፃን ሲሞት «እግዜር ወሰደው»፣ «አላህ ወሰደው» ተብሎ ይቀበር ነበር፤ ስሙ የተጻፈበት መዝገብ አልነበረም። እነሱ ግን እያንዳንዱን ሕፃን ቆጠሩ፣ ለምን ሞተ ብለው ጠየቁ። ከዚያ መዝገብ የወጣው ጥናት በዓለም የሕክምና መጽሔቶች ታትሟል። መዝጋቢዎቹ የኛው ሰፈር ወጣቶች ነበሩ፤ ከጧት እስከ ማታ ጭቃና አቧራ ሲረግጡ አይቻቸዋለሁ። ስለ አብረትና ስለ ቃጥባሬ ሼኾች ደግሞ ከእናትሽ ወንድም ጠይቂ፤ እዚያ ለዱዓ የሚሄደው ሙስሊሙ ብቻ እንዳልሆነና የተጣላ ሰው ስንት ጊዜ እዚያ እንደታረቀ እሱ ከኔ በተሻለ ይነግርሻል።

ይህን ሁሉ የምጽፍልሽ እንድትኮሪ ብቻ አይደለም። በነዚህ ዓመታት በኛም አካባቢ ጎረቤትና ጎረቤት ደም ተቃብቷል። ያስተማርኳቸው ልጆች በሁለቱም ወገን ቀብረዋል። ያን ጊዜ የጎደለን ጀግና አልነበረም፤ ጀግና ነኝ የሚለው በዛ። የጎደለን ጉዳዩን ይዞ ከሁለቱም ወገን ሽማግሌ ፊት የሚቆም፣ ተሸንፎ ቢመለስ እንኳ ነገ ተመልሶ የሚሄድ ሰው ነው። ወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ከጉራጌውም ከቀቤናውም፣ ከማረቆውም ከስልጤውም ጋር በአንድ ክፍል ትቀመጫለሽ። ነገር ሲካረር ከወገኔ ጋር ልቁም ብለሽ ዝም አትበይ፤ ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ። ያልተስማማችሁበትን አዋቂ ዘንድ ይዛችሁ ሂዱ።

አንድ ነገር ልለምንሽ። የውርድወት ታሪክ የደረሰን አንዲት እናት ለሌላዋ ስላወራች ነው። ለመንገዱ ያዋጡት ሰዎች ስም ግን በየቤቱ ሣጥን ውስጥ ባሉ ደረሰኞች ላይ እየጠፋ ነው፤ ካዋጡት መካከል ዛሬ በሕይወት ያሉት ጥቂት ናቸው። አያትሽም ደክማለች። ለመስቀል ስትመጪ ሁለት ሦስት ቀን አትርፊና አጠገቧ ተቀመጪ፤ የምታውቀውን ሁሉ በቸሃኛዋ እንዳለ በስልክሽ ቅጂ፣ ከዚያ በደብተር ገልብጪው። ስለ ሠርጓ፣ ስለ አንቂት፣ መንገዱ ሲገባ መንደሩ ምን እንዳለ ጠይቂያት። ጓደኞችሽም የየአያቶቻቸውን እንዲቅዱ ንገሪያቸው፤ የቀቤናዋም የማረቆዋም ልጅ እንዲሁ ያድርጉ። ከዚያ የሁላችሁንም አንድ ላይ አድርጋችሁ ለዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ስጡ።

ገንዘብ ካጠረሽ ሳትደብቂ ንገሪኝ። ጤናሽን ጠብቂ።

አባትሽ፣ ከቡታጅራ