ወረታ ላይ የቀረበ ሚዛን

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር ሲጓዙ የጉማራን ድልድይ እንዳለፉ የፎገራ ሜዳ ይዘረጋል። በመስከረም ሩዙ ውኃ ውስጥ ቆሞ አረንጓዴ ነው። ወረታ ላይ ዛሬ እንጀራውም ሩዝ ተቀላቅሎበት ይጋገራል። የፎገራ ላም ስትወፍር ባለቤቷ ይመሰገናል፤ ልጅ ሲወፍርም እናቱ።

ባለፈው መስከረም ልጄ የዘጠኝ ዓመት ልጇን ይዛ ከአዲስ አበባ መጣች። ዘመድ ሁሉ ጉንጩን እየነካ "እንዴት አምሮበታል!" አለ። በሦስተኛው ቀን ከጋሪ ወድቆ ክንዱ ተሰበረ።

ሐኪም ቤት ስንደርስ አጥንቱን ለመመለስ የሚያስተኛ መድኃኒት አስፈለገ። ወጣቱ ባለሙያ ዕድሜውን ጠይቆ በስሌት 26 ኪሎ ብሎ ጻፈ። "ልጄ፣ እባክህ ሚዛን ላይ ይውጣ" አልኩት። 51 ኪሎ ሆነ።

ታዲያ መድኃኒቱን እጥፍ ማድረግ ነው? አይደለም። አንዳንዱ መድኃኒት በሙሉ ክብደት፣ አንዳንዱ ለቁመቱ በሚገባው ክብደት ይሰላል፤ ከአዋቂ መጠን ማለፍም የለበትም። ስለዚህ ቁመቱም ተለካ። የደም ግፊት መለኪያው ጨርቅም ጠቦት ስለነበር በሰፊ ተቀየረ፤ ጠባብ ከሆነ ግፊቱን ከእውነተኛው በላይ ያሳያል።

"ሌሊት ያንኮራፋል?" ሲባል ልጄ ዝም አለች። ኋላ በጆሮዬ "እማዬ፣ ትንፋሹ ቁርጥ እያለ ይባንናል፤ በሰው ፊት ማውራት አፍሬ ነው" አለችኝ። ወዲያው ነገርኳቸው። እንዲህ ያለ ልጅ በመድኃኒት ሲተኛ የአየር መንገዱ ሊዘጋ ይችላል። የሰመመን ባለሙያ ተጠራ፣ ኦክስጅን ቀረበ፣ ራስጌው ከፍ ተደረገ፤ ሙሉ በሙሉ እስኪነቃ ጣቱ ላይ ያለው የኦክስጅን መለኪያ አልተነሣም። ክንዱ በሰላም ታሰረ።

በወጣቱ አልፈርድም። እኔም በሥራ ዘመኔ ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ ያለበትን የክንድ መለኪያ ይዤ የከሳ ልጅ ስፈልግ ኖሬአለሁ፤ የወፈረውን "ተመስገን" ብዬ ሳልመዝን ያሳለፍኩበት ቀን አለ።

እናቶች፣ አባቶች፣ አያቶች፦ ልጁ ይመዘን በሉ። ማንኮራፋቱን ሳትጠየቁ ተናገሩ። የሚያሳፍር ነገር የለውም፤ ልጁንም በሰው ፊት አታሸማቅቁት።

ልጄ ከመመለሷ በፊት ክብደቱን፣ ቁመቱንና "ሲተኛ ትንፋሹ ይቋረጣል" የሚለውን በወረቀት ጽፋ ከክትባት ካርዱ ጋር አስቀመጠች። አዲስ አበባ እንደገባችም ስለ እንቅልፉ ሐኪም ልታማክር ቃል ገባችልኝ።